የጮቄን ቁልቁለት ሜዳ ያስመሰለ ካሜራ

ጥያቄ፦ ከጮቄ ተራራ ወደ ደብረ ማርቆስ በብስክሌት ስወርድ ሄልሜቴ ላይ በገጠምኩት ካሜራ እቀርጻለሁ። ቪዲዮው ግን የፊት ጎማዬንና አፈሩን ብቻ ያሳያል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ ቁልቁለትም ሜዳ ይመስላል። ካሜራ ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። ይህንኑ ችግር ይዘው ባሕር ዳር ሱቄ ድረስ የሚመጡትን ወጣቶች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ካሜራውን ያስተካከሉት ቀጥ ብለው ቆመው እንደሆነ ነው። ቁልቁለት ላይ ወገብህ ያጎነብሳል፣ ክርንህ ይታጠፋል፣ ሄልሜቱም ወደ ፊት ይደፋል። አንተ መንገዱን በቅንድብህ ሥር አሻቅበህ ታያለህ፤ ካሜራው ግን ከሄልሜቱ ጋር አፈር ላይ ያፈጣል። ስለዚህ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈህ፣ ስትወርድ እንደምትሆነው ሆነህ ፔዳሉ ላይ ቁም፤ ጓደኛህ ስክሪኑን እያየ ካሜራውን ወደ ላይ ያቅናልህ። የመሪው ጫፍ ከምስሉ ግርጌ በጥቂቱ ቢታይ ይበቃል።

መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ከሄልሜቱ ነው። ማሰሪያውን አጥብቀህ ራስህን ነቅንቅ፤ ሄልሜቱ ለብቻው ከተወዛወዘ ልክህ አይደለም። የካሜራውን መያዣ ስትለጥፍ ቦታውን በአልኮል ጠርገህ 24 ሰዓት አቆየው። ሄልሜቱን ግን በምንም ምክንያት በብሎን እንዳትበሳው! የሚጠብቅልህ ጭንቅላትህን ነው፤ ስትወድቅም ካሜራው ተላቅቆ ቢሄድ ይሻላል። ጉም ሲወርድ ወይም ጎህ ሲቀድ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚያንስ እያንዳንዱ ምስል ይደበዝዛል፤ የካሜራው ማረጋጊያ ደግሞ የደበዘዘውን አያጠራም። ረፋድ ላይ፣ በሴኮንድ 60 ምስል ቅረጽ።

የቁልቁለቱ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያበሳጨኝ እሱ ነው። ሰፊው ሌንስ ሩቁን ያርቃል፣ ካሜራውም ካንተ ጋር አብሮ ስለሚያዘነብል መንገዱ የተዳፋ አይመስልም። ዳገት የሚታወቀው ቀጥ ብሎ ከቆመ ነገር አጠገብ ሲታይ ነው፤ ጮቄ ላይ ደግሞ ጅብራ የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚያድግ ረጅም ተክል አለልህ። ካሜራውን ከሄልሜቱ አውርደህ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ፣ ሳይጋደል፣ ወደ መንገዱ ጎን አዙረህ አስቀምጠው። ከበስተኋላ ጅብራው ቀጥ ብሎ ይታይ፤ አንተ በፊቱ ውረድ። የመንገዱ መስመር ከግንዱ ጋር ሲገናኝ ዓይን ዝቅታውን ወዲያው ይለየዋል። ያቺን አጭር ቅጂ ከሄልሜቱ ቪዲዮ መካከል አስገባት። የእይታ ስፋቱንም ጠበብ አድርገው።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፉን ባትሪ ሰውነትህ በሚያሞቀው የውስጥ ኪስህ ያዝ።