ባሕር ሳይኖረን የባሕር ተመራማሪ መሆን ይቻላል?

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግዙፉን ስኩዊድ፣ ያንን ረጃጅም ክንዶች ያሉትን የጥልቅ ባሕር እንስሳ፣ ማጥናት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ባሕር እንኳ የለን፣ ምን ሠርተሽ ልትበይ ነው?› ይሉኛል። ልተወው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ፦

አትተዪው። በባሕር ጠረፍ ያደጉትም ቢሆኑ ይህን እንስሳ በሕይወት የሚያዩት ስንት ሆነው ነው? ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1857 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በመኖሪያው በሕይወት እያለ መጀመሪያ ፎቶ የተነሳው ግን በ2004 ነው። ጃፓናዊው ጹነሚ ኩቦደራ ኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ 900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አገኘው። ከዚያ በፊት ዋናው የመረጃ ምንጭ ማዕበል የተፋው ሬሳና የዓሣ ነባሪ ሆድ ነበር። የስኩዊድ ምንቃር በቀላሉ አይፈጭማ!

በ2012 ቪዲዮ ከቀረጹት አንዷ ኤዲት ዊደር ናት። የእሷ ሙያ የባሕር ፍጥረታት የሚያመነጩት ብርሃን ነው። አብዛኞቹ የጥልቅ ባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃን እንደማያዩ ታውቃለች። ስለዚህ ካሜራዋን በቀይ መብራት አወረደች። የተጠቃ ጄሊፊሽ የሚያሳየውን ብልጭታ የሚያስመስል ማታለያም ጨመረችበት። ስኩዊዱ መጣ። ዐይኑ እኮ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በዚያ ጨለማ ብልጭታ አያመልጠውም። በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የ43 ስኩዊዶችን ዲኤንኤ አነጻጸሩ። በዓለም ዙሪያ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ መሆኑን ያሳየው ይህ የላብራቶሪ ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እንስሳውን ሳይሆን ሙያውን ያዢ። እኔ ብሆን የዕድሜ ንባብን እመርጥ ነበር። ስኩዊድ ጭንቅላቱ ውስጥ ስታቶሊት የምትባል ደቃቅ ድንጋይ አለችው። የዕድገት ቀለበቶቿ ተቆጥረው ዕድሜው ይገመታል። ኦቶሊት የሚባለው የዓሣ የጆሮ ድንጋይም የሚነበበው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ያንን ደግሞ እዚያው ጣና ላይ መማር ትችያለሽ። ስታቲስቲክስ ጨምሪበት። ለማስተርስ የኢራስመስ ሙንዱስን (የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል ነው) የባሕር ሳይንስ ፕሮግራሞች ፈልጊ።

በእንጀራው ጉዳይ ቤተሰቦችሽ እውነት አላቸው። ግዙፍ ስኩዊድን ብቻ እያጠና የሚኖር ሰው በዓለምም ጥቂት ነው። የዓሣ ዕድሜ ማንበብና ዲኤንኤ መመርመር የሚችል ሰው ግን ሰበታ ባለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ የሚወዳደርበት ሥራ አለ። ይህንን ንገሪያቸው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ካልመረጥሽ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ የዓሣ ሀብት መምህራንን አናግሪ። ኦቶሊት ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ በግልጽ ንገሪያቸው።