የሆላንዱ ሠራተኛ ምን አገባው? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ከአውሮፓ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዮች ነበሩ። ሰሞኑን ግን ወደ ደመወዝና ወደ ሠራተኛ ማኅበር ዞረዋል። የተወሰኑትን መርጫለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶርትሙንድ አቅራቢያ በብረታ ብረት ፋብሪካ እሠራለሁ። በደመወዝ ድርድራችን ሰሞን ከሆላንድና ከቤልጅየም የመጡ የማኅበር ሰዎች ነበሩ። የእኛ ደመወዝ ምን አገባቸው?

መልስ፦ በደንብ ያገባቸዋል። የቤልጅየሙንማ ኪሱን ይነካዋል። ቤልጅየም በ1996 ያወጣችው ሕግ የአገሪቱን የደመወዝ ጭማሪ ጣሪያ የሚወስነው ጀርመን፣ ፈረንሳይና ሆላንድ ውስጥ የሚጠበቀው ጭማሪ እየታየ ነው። እርስዎ በትንሽ ጭማሪ ከፈረሙ፣ ቤልጅየም ሊዬዥ ከተማ ያለው ባልደረባዎ ገና ድርድር ሳይጀምር ጣሪያው ዝቅ ይልበታል።

በዚህ ምክንያት አይጂ ሜታል የተባለው የጀርመን የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር፣ በእርስዎ ክፍለ አገር በኖርድራይን ቬስትፋለን ያለው ቅርንጫፉ፣ ከ1997 ጀምሮ ከሆላንድና ከቤልጅየም የብረታ ብረት ማኅበራት ጋር በድርድር ላይ የሚቀመጥ ታዛቢ ይለዋወጣል። የባቫሪያው ቅርንጫፍም ከኦስትሪያና ከቼክ ማኅበራት ጋር ተመሳሳይ ነገር ጀመረ። ታዛቢው አይደራደርም። ነገር ግን አሠሪው «ሆላንዶች እኮ ከእናንተ ያነሰ ተቀብለዋል» ሲል፣ እውነት ይሁን አይሁን የሚነግርዎ ሰው አጠገብዎ አለ። እኔን ከጠየቁኝ ብራስልስ ከሚታተመው ሰነድ ሁሉ ይኼ ይበልጣል።

በመስከረም 1998 ደግሞ የቤልጅየም፣ የሆላንድ፣ የሉክሰምበርግና የጀርመን ማኅበራት ዶርን በምትባል የሆላንድ ከተማ ተሰብስበው አንድ ስሌት ላይ ተስማሙ፤ ጭማሪው የዋጋ ንረትና የምርታማነት ዕድገት ድምር ይሁን አሉ። ዋጋ በ2 በመቶ፣ ምርታማነት በ1 በመቶ ካደገ፣ ከ3 በመቶ በታች የፈረመ ጎረቤቱን ጎዳ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስሌቱን ያላከበረ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ምንም። የሚቀጣ የለም። ጉድ የሚያሰኘው፣ በ2000ዎቹ ዓመታት ከስሌቱ ዝቅ ብላ የቆየችው ራሷ ጀርመን መሆኗ ነው። ሥራ አጥነት በበዛበት ጊዜ የማኅበር መሪ ቅድሚያ የሚሰጠው አባሎቹን ከሥራ እንዳይባረሩ ማድረግ ነው፤ የዶርን ፊርማ ያኔ ትዝ አይለውም። ቢሆንም መለኪያ መኖሩ አልከፋም፤ ቢያንስ ማን ምን ያህል እንደጎደለ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ለመላው አውሮፓ አንድ የኅብረት ስምምነት ለምን አይፈረምም? (ከሚላኖ)

መልስ፦ የኅብረት ስምምነት ማለት ማኅበርና አሠሪ ስለ ደመወዝና ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል ነው፤ ለመላው አውሮፓ ማን ከማን ጋር ይፈርማል? የአውሮፓ ኅብረት መሠረታዊ ውል በአንቀጽ 153 ደመወዝን፣ የመደራጀት መብትንና አድማን ከኅብረቱ የማኅበራዊ ሕግ አውጪነት ሥልጣን አውጥቷቸዋል። የ2022 የዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያም ቢሆን ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት የደመወዝ ወለል አላስቀመጠም። በማኅበርና በአሠሪ የኅብረት ድርድር የሚሸፈኑ ሠራተኞች ከ80 በመቶ በታች የሆኑባቸው አገሮች የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያወጡ ነው ያዘዘው። ዴንማርክና ስዊድን ደግሞ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲኖራቸውም አይፈልጉም። እዚያ ወለሉን የሚያበጁት ማኅበሩና አሠሪው ናቸው።

ጥያቄ፦ ማልሞ ነው የምኖረው። የስዊድን ሠራተኞች ቴስላ ላይ ሲያድሙ የዴንማርክ ወደብ ሠራተኞች እንዴት አብረው አደሙ? ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ በኖርዲክ አገሮች አዎ። የስዊድን የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር፣ አይኤፍ ሜታል፣ በጥቅምት 2023 አድማ የጀመረው ቴስላ የኅብረት ስምምነት አልፈርምም ስላለ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዴንማርኩ ማኅበር ወደ ስዊድን የሚሄዱትን የቴስላ መኪኖች አላወርድም፣ አላጓጉዝም አለ። የአጋርነት አድማ ይሉታል። ብሪታንያ ውስጥ ቢሆን ሕገወጥ ነበር። ስለዚህ ወንድም ዘመድ እንግሊዝ አገር ካለዎት «እናንተስ ለምን አታድሙም?» ብለው አይውቀሱት።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ አባል ሳልሆንም ጭማሪው ይደርሰኛል። ለምን መዋጮ እከፍላለሁ?

መልስ፦ የሚደርስዎ አሠሪው ፈቅዶ ስለሚሰጥዎ ነው። በሕግ የኅብረት ስምምነቱን መብት አድርገው መጠየቅ የሚችሉት በመርህ ደረጃ የፈረመው ማኅበር አባላት ናቸው። የአይጂ ሜታል መዋጮ ከጠቅላላ ደመወዝዎ 1 በመቶ ነው፤ አድማ ሲጠራም ለአባላት የአድማ ድጋፍ ይከፈላል። አባል ያልሆነው ግን እነዚያን ቀናት ከራሱ ኪስ ይኖራል።