ጎታን በአንድ ቀን፦ የልውውጥ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

በተማሪዎች ልውውጥ ከኢትዮጵያ ወደ ጀርመን መጥተው ኤርፈርት ያረፉ ወጣቶች በመጪው ዓርብ በአቅራቢያው ባለው ጎታ ከተማ ውለው ይመለሳሉ። እነርሱና ወላጆቻቸው የላኩልኝን ጥያቄዎች፣ እዚሁ ቱሪንጊያ በተባለው የጀርመን ክልል እንደሚኖርና እንግዶችን ወደ ጎታ እንደሚያጅብ ሰው እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ቫይማርን የመሰለ ስመ ጥር ከተማ እያለ ጎታ ለምን ተመረጠ?

ቫይማር የትም አይሄድም። ጎታ ግን ከእኛ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የኤርፈርቱ ተወላጅ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ውስጥ አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ጋር ተዋወቀ። ግእዝን ከመጽሐፍ ለቃቅሞ ለተማረው ሉዶልፍ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ማግኘት ትልቅ ዕድል ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ቀዳማዊ አባን ጋበዛቸው፤ መጡ፤ በጋውንም እዚያው አሳለፉ። መስፍኑ ስለ አገራችን ሃይማኖትና አስተዳደር ይጠይቃል፣ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ አባ ይመልሳሉ። ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ሆነ በ1698 ላወጣው የአማርኛ ሰዋስው የአባ ዕውቀት መሠረት ሆኗል። አውሮፓ አማርኛን የተማረችው ከእኚህ ሰው አፍ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከዚያስ ወደ አገራቸው ተመለሱ?

አልደረሱም። በ1658 በዛሬዋ ቱርክ ባሕር ዳርቻ ካለችው ኢስከንደሩን አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

ታዲያ ምን እናያለን? ሐውልት አላቸው?

ሐውልት ፍለጋ አትሂዱ፤ ቤቱን ራሱን እዩት። ፍሪደንሽታይን የተባለው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት በ1643 ሲጀመር የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና አልበረደም ነበር፤ ያለቀው በ1654 ነው። አባ ሲመጡ ግንባታው አላበቃም ማለት ነው። በሰሜኑ በር ስትገቡ አንገታችሁን ቀና አድርጉ፦ ከበሩ በላይ ጽድቅና ሰላም በሁለት ሴቶች አምሳል ተሳስመው በድንጋይ ተቀርጸዋል። ዳዊት የደገመ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። አብሮት ያለው ጽሑፍ ሰላም እንደሚመግብ፣ ጠብ እንደሚበላ ይናገራል። አብዛኛው ጎብኚ ይህን ሳያይ ወደ ትኬት መስኮቱ ይሮጣል፤ እኔን ያናድደኛል።

ከውስጥ ደግሞ ኤክሆፍ ቲያትር አያምልጣችሁ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የቆየው የእንጨት መሣሪያ ዛሬም ይሠራል። ከመድረኩ ሥር ሰዎች ገመድ የተጠመጠመበትን ግንድ ሲያዞሩ ግራና ቀኙ ያሉት የተሳሉ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ ይንሸራተታሉ፤ ጫካ የነበረው ዓይናችሁ እያየ አዳራሽ ይሆናል። ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም።

ብራናዎችን ማየት እንችላለን?

በቤተ መንግሥቱ ያለው ቤተ መጻሕፍት በምሥራቅ አገሮች ጽሑፎች የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የተመራማሪዎች ቤት ስለሆነ ዘው ተብሎ አይገባበትም። መምህራችሁ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ።

አባቴ የከተማውን ስም ሲሰማ «የማርክስ ጎታ ነው?» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

አባትህ የዚያ ዘመን ተማሪ መሆናቸው ነው! አዎ፣ እሱ ራሱ ነው። በ1875 ሁለት የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲዎች የተዋሐዱት ጎታ ላይ ነው፤ ማርክስም ረቂቅ ፕሮግራማቸውን ክፉኛ ተችቷል።

የሥዕል ስርቆት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። በታኅሣሥ 1979 ሌሊት አምስት ሥዕሎች ከቤተ መንግሥቱ ተሰረቁ፤ አንዱ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የፍራንስ ሃልስ ነበር። አገሪቱ ተዋሕዳ፣ ያኔ ጎታን ይገዛ የነበረው ምሥራቅ ጀርመን የሚባል መንግሥት ከጠፋ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2019 አምስቱም ተገኙ።

ጉዞው ዓርብ ነው፤ ልጄ ትጾማለች። ምን ትበላ ይሆን?

አይስጉ፣ እናቴ። የአገሩ መታወቂያ የሆነው የተጠበሰ ቋሊማ ባብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው፤ በጾም ቀርቶ በፍስክም ብዙዎቻችን አንነካውም። ሙስሊም ልጆችም ይህን ይወቁ። ፈላፍል ያለ እርጎ ስጎ ትዘዝ። የድንች ድቡልቡል ከፈለገች ግን ቅቤ እንዳለበት መጠየቅ አለባት። ዳቦና ፍራፍሬ ከኤርፈርት ይዛ ብትሄድ ይመረጣል። ውኃ ስታዝዝም ጋዝ የሌለው ብላ ትናገር፤ አለዚያ አምቦ ውኃን የመሰለ ይመጣላታል።

ከጓደኞቼ ተነጥዬ ባቡሩ ቢያመልጠኝስ?

ከኤርፈርት ጎታ በክልል ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀጣዩን ጠብቂና ለመምህርሽ ደውዪ። የቡድኑ ትኬት ለክልል ባቡር ብቻ ከሆነ ግን ነጩ ፈጣን ባቡር ቀድሞ ደረሰ ብለሽ አትሳፈሪ። ተቆጣጣሪው ተማሪ ነኝ ቢሉትም 60 ዩሮ ይቀጣል። ትኬቱ በመምህሩ እጅ ስለሚሆን ደግሞ ለብቻሽ ከቀረሽ የራስሽን መግዛት ይኖርብሻል፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለይተሽ ያዢ።