ቧሂት ላይ ዝናብ ቢይዘኝስ? ላልከው

ነሐሴ ላይ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ካለው ከጨነቅ ካምፕ ተነስቼ ቧሂት ተራራ ጫፍ ደርሼ በዚያው ቀን ልመለስ ነው፣ ቢዘንብስ? ላልከው ወንድሜ፦ ይዘንባል፣ እሱን አትጠራጠር። ጨነቅ ራሱ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ብታይም ከሰዓት በረዶ ሊወርድብህ ይችላል። ስለዚህ ማልደህ ውጣ። ጭጋግ ከወረደ ገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ ምናምን እያልክ አትቁም፣ የስካውቱን (አብሮህ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) እግር እያየህ ተከተል። መብረቅ ከጀመረ ጫፉ ይቅርብህ፣ ቶሎ ውረድ።

ጂንስ አትልበስ፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ደረቅ ሹራብና ካልሲ በፌስታል ጠቅልለህ ያዝ። አብሮህ ያለው ሰው እየተንቀጠቀጠ ዚፑን መዝጋት ካቃተው፣ ምላሱም ከተሳሰረ፣ ብርዱ ገብቶበታል። እርጥቡን አውልቅለት፣ ደረቅ አልብሰው፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጠው። አረቄ ግን በጭራሽ! የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የቆዳውን ደም ሥር ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ነው የሚያስወጣበት።