ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ አይለወጥ፤ አሮጌ የጭነት መኪና በግቢያቸው ለሚጠግኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፤

ከአባት ወይም ከአያት የወረሳችሁትን፣ አለበለዚያ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እጅ ያስጣላችሁትን አሮጌ የጭነት መኪና በግቢያችሁ አቁማችሁ እንደገና ለማስነሳት የምትደክሙ ከሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ዕድሜዬን በከባድ መኪና ጋራዥ የፈጸምሁ መካኒክ ነኝና እንዲህ ያለ ፍቅር በወጣት ዘንድ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ብዙ ልጆች በታላቅ ትጋት ጀምረው፣ መኪናውን ፈትተው ሳይገጥሙት ገንዘባቸው አልቆ፣ ሞተሩ በሸራ ተሸፍኖ ሲቀር አይቻለሁ። የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከችኮላ ነው። የብልሽቱ ምክንያት ሳይታወቅ ዕቃ ይለወጣል፤ የተለወጠውም ዕቃ በዚያው ምክንያት ተመልሶ ይበላሻል።

በአገራችን አሮጌ የጭነት መኪና ሲባል አስቀድሞ ወደ ብዙዎቻችን ልብ የሚመጣው ኤንትሬ ነው። የፊያት 682 ሥራ በኢጣሊያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ኤንትሬ ከዚያው ወገን በኋላ የመጣው ዓይነት ነው። አሰብ ዋና ወደባችን በነበረበት ዘመን ተሳቢውን እየጎተተ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌለው ሞተር ስለሆነ፣ በሚታይ፣ በሚሰማና በሚለካ ነገር ሁሉ ምክንያቱን ይናገራል። ከአዲስ መኪና ይልቅ በአሮጌ መኪና ላይ ሙያ ይበልጥ ይለመዳል የምለውም ለዚህ ነው።

ጥቁር ጭስን እንውሰድ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ከሰፈር የምትሰሙት የመጀመሪያ ምክር «ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨውን አፍ) ቀይር» የሚል ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ግን ሲሊንደር ውስጥ የገባው ናፍጣ ሁሉ የሚቃጠልበትን በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አየሩ ለምን አነሰ፣ ወይስ ናፍጣው ለምን በዛ የሚለው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለጠረፍ የተስተካከለ ፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋው መሣሪያ) እዚህ ሲደርስ ለአየሩ የሚበዛ ናፍጣ ይረጫል። በዚያ ላይ ዳገት ላይ ጉልበት አነሰኝ ያለ ሹፌር ፖምፓውን አስከፍቶ ናፍጣ ካስጨመረበት፣ ትርፉ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሙቀቱ የፒስቶኑን ራስ ይበላዋል፣ ያልተቃጠለውም ናፍጣ ሲሊንደሩን የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥበዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሩ፦ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በጥቀርሻ አለመታፈኑን እዩ፣ የቫልቮላውን (የቫልቩን) ክፍተት ለክታችሁ አስተካክሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጭሱ ካልተለወጠ ብቻ ፖምፓውና ኖዝሎቹ ወርደው በመሣሪያ ወደሚፈተሹበት ሙያተኛ ይወሰዱ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልተወ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) በኩል የገባ ውሃ ሊሆን ስለሚችል፣ የራዲያተሩን ውሃ መጠንና የዘይቱን መልክ ተመልከቱ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ሞተሩን አታስነሱት።

ስለ ሙቀት ስናነሳ ፈጽሞ የማልስማማበትን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል በአገራችን እንደ መፍትሔ ከተቆጠረ ቆይቷል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ወራት ወይም በረጅም ቁልቁለት ላይ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እርጥበትና አሲድ ይጠራቀማል፣ ፋሻውና (የፒስቶኑ ቀለበትና) ካሚቻው (የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን) ከጊዜያቸው በፊት ይበላሉ። ይባስ ብሎም በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውሃውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል፤ መኪናውም ከቀድሞው ይበልጥ ይሞቃል። ትክክለኛው ምርመራ ቀላል ነው። ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አሙቁት፣ ከቴርሞሜትር ጋር እያያችሁ በተጻፈበት ሙቀት መከፈቱን አረጋግጡ። ልብ ማለት የሚገባችሁ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ጤነኛው ሞተር እንኳ ውሃውን ያፈላል። ገለባ ወይም ጭድ ሲጭን የኖረ መኪና ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩን ክንፎች በባትሪ መብራት ከኋላ በኩል እዩ፤ ከፊት ንጹሕ መስሎ መካከሉ በጭቃና በእብቅ የተደፈነ ብዙ ራዲያተር አለ። ሞተሩ በጣም ከሞቀ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

አሁን አንድ ሥራ በዝርዝር ላሳያችሁ፤ ምክንያትን መፈለግ ምን እንደሚመስል በእርሱ ይገለጣልና። መኪናው ናፍጣ ጨርሶ ከቆመ ወይም ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ከተለወጠ በኋላ ሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) በኃይል እያዞረው ሞተሩ አልነሳ ካለ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። በመጀመሪያ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የማስተንፈሻ ብሎን ፈታ አድርጉና በእጅ የሚሠራውን ትንሿን ፖምፓ ሳታቋርጡ ምቱ። መጀመሪያ ነጭ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ እየተቀላቀለ፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ናፍጣ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ መምታቱን ሳታቆሙ ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ በዋናው ፖምፓ ላይ ያንኑ ድገሙ፤ ቀጥሎም ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቧንቧዎች ዳዶ (ማጥበቂያ) ፈታ አድርጋችሁ ናፍጣው እስኪደርስ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ አዙሩ። ፊታችሁንም እጃችሁንም ከዚያ አርቁ፤ ናፍጣው በዚያ በኩል የሚወጣው ቆዳን በሚበሳ ግፊት ነው። አረፋው አላልቅ ካለ ብዙዎች ትንሿን ፖምፓ ይለውጣሉ። እኔ ግን ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለውን መስመር እንድታዩ እመክራለሁ፤ በዚህ ክፍል ናፍጣው የሚሳብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ወደ ውጭ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ ወደ ውስጥ አየር ይስባል። ደረቅ ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ብትገጥሙ አረፋው ከየት እንደሚነሳ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

በግቢ ውስጥ መሥራት ከጋራዥ የሚለየው ትልቁ ነገር ቤተሰብ በአጠገብ መኖሩ ነው፤ ስለዚህ ስለ አደጋው አጥብቄ እናገራለሁ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ መሬቱ ጠንካራ ይሁን፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው፣ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) በጠንካራ የእንጨት ምሰሶ ወይም በብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። የአሮጌ ከባድ መኪና ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ብዙውን ጊዜ ጎማውን በቦታው የሚይዝ መቆለፊያ ቀለበት አለው፤ ይህ ቀለበት በትክክል ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ጎማው ሳይተነፍስ ቀለበቱን አትንኩት፣ አየር ስትሞሉም ጎማውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብታችሁ ወይም በወፍራም ሰንሰለት አስራችሁ ከርቀት ሙሉት። ልጆች በዚያ ሰዓት ከቤት አይውጡ። የፍሬን ታምቡር ስትከፍቱ የምታገኙትን ዱቄት በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስለሚኖርበት ሳንባን ለከባድ በሽታ ይዳርጋል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በፌስታል አስራችሁ አስወግዱት። የተቃጠለ ዘይትን ወደ ቦይ ማፍሰስ ለጎረቤት ጉድጓድ መርዝ መላክ ነውና በጀሪካን አጠራቅሙት።

ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ በየቀኑ ከአየር ማጠራቀሚያው ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን አውጡ። ውሃው ማጠራቀሚያውን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ቫልቮችንም ያበላሻል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ሸራ ከመለወጣችሁ በፊት በሁለቱም ጎን ያለውን የሸራና የታምቡር ክፍተት ለኩ፣ ከኩሽኔታው (የጎማውን መሐል ከሚያሽከረክረው ተሽከርካሪ ቀለበት) በኩል ያመለጠ ግራሶ (ቅባት) ሸራውን አለመንካቱንም እዩ። ግራሶ የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ከንቱ ድካም ነው፤ ያ ሸራ ይለወጣል፣ ግራሶውን ያሳለፈው የኩሽኔታው መዝጊያ ጎማም አብሮ ይለወጣል።

ዕቃ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ስትወርዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ፣ ልኩን በካሊበር ወስዳችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ኩሽኔታ በመኪና ስም ሳይሆን በጠርዙ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይገዛል። ለምሳሌ 6308 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች፣ ማለትም 08፣ በ5 ሲባዙ 40 ይሆናሉ፤ የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ወጣት ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ብዙ ዘመን ለሆነው መኪና የሚሆን ኩሽኔታ ከማንኛውም አምራች ያገኛል። ጨርሶ የማይገኘውን ቡሽ (በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ቀለበት) ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ያወጣላችኋል፤ ነገር ግን የተበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገባበትንም ቀዳዳ አስለኩ። መፍቻችሁንም ለዩ፤ ኢጣሊያኑ በሚሊሜትር፣ አሮጌው የእንግሊዝ ቤድፎርድ ደግሞ በኢንች የተሠራ ነው። የ13 ሚሊሜትር መፍቻ ግማሽ ኢንች በሆነ ራስ ላይ የገባ ይመስላል፣ የዛገ ብሎን ላይ ሲጨክኑ ግን ማዕዘኑን ላጥ አድርጎ ያወጣዋል።

ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ቅጠል ያለው ሞላ) የተሰበረ እንደሆነ አታስበይዱት። ብረቱ በሙቀት ተጠናክሮ የተሠራ በመሆኑ ብየዳው ግትርነቱንና መለጠጡን ያጠፋበታል፣ ጭነት ሲያገኝም ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። ቅጠሉ ይለወጥ፣ አሮጌው ለአንጥረኛ ማረሻ ይሁን። ሻንሲ ላይ ብየዳ የግድ ከሆነ የባትሪውን ገመዶች አስቀድማችሁ ንቀሉ፣ የላሉትንም ሪቬቶች በዓይን ብቻ ሳይሆን በመዶሻ እየመታችሁ በድምፅ ፈልጉ። ቀለም የሁሉም መጨረሻ ነው፤ ስንጥቅን የሚሸፍን ቀለም መኪናውን አላደሰውም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያለ ጭነት፣ በቀን፣ በሜዳ መንገድ አድርጉት። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና የእያንዳንዱን ጎማ መሐል በእጅ ጀርባ ሳትነኩ አቅርባችሁ ሙቀቱን ሞክሩ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ ፍሬኑ ይዞታል ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። የጎማ ዳዶዎቹን በዚያው እንደገና አጥብቁ፣ አዲስ የገጠማችሁትን ሁሉ ከሥር ተመልከቱ፣ ያያችሁትንም በመኪናው ደብተር ላይ ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር ጋር ጻፉ። ቁልቁለት የምትሞክሩት ይህ ሁሉ ያለ እንከን ሲያልፍ ነው፤ በዚያም ጊዜ ዳገቱን ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ እንጂ መኪናውን በፍሬን ብቻ አትያዙት።