ዋና ለማስተማር ለተነሳችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የአካባቢያችሁን ሕፃናት በነጻ ዋና ለማስተማር መነሳታችሁ ደስ ያሰኛል። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፦ አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ቀን እጅና እግር ማንቀሳቀስ ብቻ የተማረ ልጅ ትንፋሹን አፍኖ፣ አንገቱን አቅንቶ ውሃ መደብደብ ይለምዳል። ይህን ልማድ ማስተው ከዜሮ ከማስተማር ይከብዳል።

ከትንፋሽ ጀምሩ። ውሃው ከልጁ ወገብ በላይ፣ ከደረቱ በታች የሚሆንበት ቦታ ላይ ቁሙ። በአፉ አየር ይሳብ፤ ከዚያ ፊቱን ነክሮ በአፉና በአፍንጫው ቀስ እያለ ያውጣው። ውሃው ፊቱ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ታያላችሁ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው የሳበውን ሳያወጣ ሌላ ልሳብ ሲል ነው። 10 ጊዜ ያለ ሳል እስኪደጋግመው ድረስ ወደ ሌላ አትለፉ።

ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ ነው። አንድ እጃችሁ ማጅራቱ ሥር፣ ሌላው ወገቡ ሥር ይሁን። ጆሮዎቹ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ ዓይኑ ሽቅብ ይይ፣ ሆዱን ከፍ ያድርግ። እግሩን ለማየት ቀና ካለ ዳሌው ወዲያው ይሰምጣል፤ ጭንቅላት ከውሃ ሲወጣ ክብደቱን ውሃው አይሸከምለትምና። ድጋፋችሁን ቀስ በቀስ ቀንሱ፦ መጀመሪያ የወገቡን፣ ከዚያ የማጅራቱን አንድ ጣት እስኪቀር ድረስ። ከመልቀቃችሁ በፊት ንገሩት። «አልለቅህም» ብላችሁ የለቀቃችሁት ልጅ ዳግም አያምናችሁም፤ ያላመነ ልጅ ደግሞ ሰውነቱን አያላላም። በአየር የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያንም ባትለምዱ እመርጣለሁ፤ ልጁን ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ያስለምደዋል፤ ዋና ግን ተጋድሞ ነው።

የእግር ምት ሲመጣ ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ እንዲነሳ አድርጉ። ብስክሌት የሚነዳ የሚመስል ልጅ ወደፊት አይሄድም።

ከሁሉም በላይ ዓይናችሁ! ለአንድ አስተማሪ ከ4 እስከ 6 ጀማሪ ይበቃል። ዳር ላይ ደግሞ የማያስተምር፣ ስልክ የማይነካ፣ ውሃውን ብቻ የሚያይ ሰው ይኑር። ሲገቡም፣ በየመካከሉም፣ ሲወጡም ቁጠሯቸው። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ የለውም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ከውሃው ወለል ብቅ ጥልቅ እያለ፣ እንደቆመ ባለበት ከቀረ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ያላችሁ ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው።

«ውሃ ውስጥ ማን ብዙ ይቆያል» የሚባለውን ውድድር ፈጽሞ ከልክሉ። ከመጥለቁ በፊት በኃይል ደጋግሞ የተነፈሰ ልጅ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። «ተንፍስ» የሚለውን ስሜት የሚቀሰቅሰው እሱ ስለሆነ፣ ልጁ ምንም ሳይሰማው ኦክስጅኑ አልቆ ራሱን ይስታል።

ለትንንሾቹ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ልጅ ካያችሁ ትምህርቱ ባያልቅም አውጡት፣ አድርቁት፣ አልብሱት።