ጎመን ብበላ ለልጄ አይበቃም?

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። የጎረቤታችን ልጅ ቤት ተወልዶ፣ በሳምንቱ እትብቱ እየደማ አልቆም አለ። ሐኪም ቤት ወስደውት የቫይታሚን ኬ እጥረት ነው ተባለ፣ መርፌ ተወግቶ ዳነ። እኔም የመውለጃዬ ወር ገብቷል። ጎመን በደንብ ብበላ አይበቃም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎመኑን ብዪ፣ ቫይታሚን ኬ አለበት፤ ጠብ ዘይት ጣል ካደረግሽበት ሰውነትሽ ቫይታሚኑን የበለጠ ይወስደዋል። ለልጁ ግን አይበቃውም። ከእናት ወደ ፅንስ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፣ በጡት ወተትም ውስጥ ያለው ትንሽ ነው፣ ቫይታሚኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ገና አልበዙም፤ ስለዚህ ጉበቱ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች በቅጡ መሥራት ያቅተዋል። እትብቱ ሲደማ እንኳ ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ አንጎል ውስጥ የሚፈሰው ነው፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊጀምር ይችላል፣ እስከ 6 ወር ዕድሜም ያጋጥማል።

መከላከያው አንድ መርፌ ነው። 1 ሚሊ ግራም፣ እንደተወለደ ጭኑ ላይ። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ እባክሽ ጤና ጣቢያ ውለጂ፣ «ቫይታሚን ኬ ተወጋ ወይ?» ብለሽም አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። ምጡ ቀድሞሽ ቤት ከወለድሽ በዚያው ቀን ውሰጂው። ጡትሽን ግን እንዳታቋርጪበት!

ከእትብቱ ወይም ከአፍንጫው ከደማ፣ ሳይመታ ሰውነቱ ከበለዘ፣ ወይም ፈዞ ጡት እምቢ ካለ «ይደርቃል፣ ይተወዋል» የሚልሽን አትስሚ። ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ።